ተጽፎ መገኘትና ተጽፎ መጥፋት

አንድ የትምህርት ቤት ጓደኛችን አለ። ስሙንም የሚሠራበትንም መሥሪያ ቤት መጥቀስ አያስፈልግም፤ በሕዝብ ግንኙነት ክፍል ከተቀጠረ ገና ዓመት አልሞላውም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት አራት ኪሎ ቡና ስንጠጣ ፊቱ ጠቁሮ አገኘነውና ምክንያቱን ብንጠይቀው እንዲህ ሲል አጫወተን። መሥሪያ ቤቱ ባለጉዳዮች ይዘው መቅረብ የሚገባቸውን ማስረጃ ዘርዝሮ በድረ ገጹ ላይ ካወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። ነገር ግን በየማለዳው በመስኮቱ ፊት የሚሰለፈው ሕዝብ አልቀነሰም፤ ከተሰለፉትም የሚበዙት የሚጠይቁት ያንኑ የወጣውን ነገር ነው። «አውጥተነዋል እኮ፤ ሰው አያነብም!» አለን።

እኛም ስልካችንን አውጥተን አንድ ባለጉዳይ ሊጠይቅ የሚችለውን ነገር በአማርኛ ጉግል ላይ ጻፍን። በመጀመሪያ የመጣልን የአንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ማስታወቂያ ነበር። ቀጥሎ ከተሻረ የቆየ ደንብ፤ ከዚያም በኮምፒዩተር የተተረጎመ፣ ራስና እግሩ የማይለይ ጽሑፍ መጣ። የወዳጃችን መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ ግን በሁለተኛውም በሦስተኛውም ገጽ አልተገኘም። ነገሩን ስንመረምረው፣ ማስታወቂያው በወረቀት ታትሞ፣ ማኅተም ተመቶበት፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፣ ሥዕሉ «ማስታወቂያ» ከሚል አርእስት በታች ተለጥፎ ኖሯል። ስለ ምን እንደሆነ የሚናገር አንዲት ቃል እንኳ ከሥዕሉ ውጭ አልተጻፈም። ሰው አያነብም የተባለው ሕዝብ የሚያነበውን ሳያገኝ ነው የተወቀሰው።

ለመሆኑ ጉግልን የመሰለ መፈለጊያ እንዴት ይሠራል? ብዙ ሰው ጥያቄውን በጻፈ ቅጽበት መሣሪያው ዓለምን ዞሮ የሚፈልግለት ይመስለዋል። እንዲህስ አይደለም፤ ፍለጋው አስቀድሞ ያለቀ ነው። ሸረሪት የሚል ቅጽል የወጣላቸው የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ሌት ተቀን በማያያዣዎች ላይ እየተረማመዱ ከገጽ ወደ ገጽ ይሄዳሉ፤ ያገኙትንም ያነባሉ። ያነበቡት ሁሉ በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንደሚገኘው ማውጫ፣ የትኛው ቃል በየትኛው ገጽ እንዳለ ተለቅሞ ይመዘገባል። ሰው ሲጠይቅ የሚገለጠው ይኸው መዝገብ ነው። በመዝገቡ ያልሰፈረ ገጽ ምንም ያህል ቁም ነገር ቢይዝ ለጠያቂው እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። የሰፈሩትም ቢሆኑ እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ ማን ይቅደም ማን ይከተል የሚለው ትልቁ ጥያቄ ይሆናል፤ ሰው ከመጀመሪያው ገጽ አልፎ እምብዛም አይሄድምና።

ይህን ቅደም ተከተል አጥንቶ ጽሑፍን ከፊት ለማሰለፍ የሚደረገው ጥረት ዛሬ ራሱን የቻለ ሙያ ሆኗል። በእንግሊዝኛው ምሕጻረ ቃል ኤስ ኢ ኦ ይሉታል። በአማርኛ የረጋ ስም አልወጣለትም፤ ለዛሬ «ጽሑፍን ማስገኘት» ብንለው አንባቢ ይፈቅድልናል ብለን እንገምታለን።

ሙያው መልካም ስም የለውም፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው) የነበሩት መፈለጊያዎች በብዛት የሚመዝኑት አንድ ቃል በገጹ ላይ ስንት ጊዜ እንደተጻፈ ነበር። ስለዚህ ብልጡ ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ ስም መቶ ጊዜ ይደጋግማል፤ አንባቢ እንዳይሰለች ደግሞ በነጭ ገጽ ላይ በነጭ ቀለም ይጽፈዋል። ሰው አያየውም፤ ሸረሪቷ ግን ታነበዋለች።

በ1998 ጉግልን ያቋቋሙት ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በካሊፎርኒያ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክተርነት ተማሪዎች ነበሩ። መላውን ያገኙት ከሊቃውንት ልማድ ነው። የአንድ ምርምር ጽሑፍ ክብር የሚታወቀው ሌሎች ጸሐፊዎች ሲጠቅሱት ነው፤ ይልቁንም የጠቀሱት ራሳቸው የተከበሩ ሲሆኑ። እንግዲያው አንድ ገጽ ወደ ሌላው የሚመራ ማያያዣ ሲያኖር እንደ ምስክርነት ይቆጠርለት አሉ። ራሱን ከሚያመሰግን ሰው ይልቅ ጎረቤቱ የሚመሰክርለት ይታመናል እንደ ማለት ነው። ሐሳቡ ሠራ። ነገር ግን ምስክርነት ዋጋ ባወጣ ቀን የሐሰት ምስክር ገበያ መከፈቱ አይቀርም፤ ተከፈተም።

ትንንሾቹ ብቻ እንዳይመስሉ። የጀርመኑ የመኪና ፋብሪካ ቢ ኤም ደብሊው በአገሩ ድረ ገጽ ላይ ለሸረሪቷ ብቻ የተዘጋጁ፣ ስለ ያገለገሉ መኪናዎች የሚናገር ቃል የታጨቀባቸው ገጾች ሲያኖር ስለተገኘ በ2006 ጉግል ከመዝገቡ ሰረዘው፤ ገጾቹን ካነሣ በኋላ ግን በጥቂት ቀን ውስጥ መለሰው። በ2011 ደግሞ ጄ ሲ ፔኒ የተባለው የአሜሪካ ታላቅ መደብር ከቀሚስ እስከ ምንጣፍ በሚጠየቀው ሁሉ ፊተኛ ሆኖ ለወራት መክረሙን ኒው ዮርክ ታይምስ መረመረ። ከንግዱ ጋር ዝምድና ከሌላቸው ገጾች በሺህ የሚቆጠሩ ማያያዣዎች ወደ እርሱ እንዲያመለክቱ ተደርጎ ኖሯል። መደብሩ እኔ አላውቅም አለ፤ የቀጠረውንም አማካሪ ድርጅት አሰናበተ፤ ጉግልም ወደ ኋላ ረድፍ ወረወረው። በዚያው ዓመት ፓንዳ፣ በ2012 ፔንግዊን በተባሉ ማሻሻያዎች ፍሬ ቢስ ገጾችና የተገዙ ምስክርነቶች ዋጋቸው እንዲወድቅ ተደረገ። በ2024 ደግሞ ደረጃ ለመያዝ ሲባል ብቻ በገፍ የሚመረቱ ገጾችን፣ ሰውም ይጻፋቸው ኮምፒዩተር፣ የሚቃወም ደንብ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ ድብብቆሽ በኋላ የተረፈው ምክር ሲታይ ግን ያሳፍራል፤ ይህን ያህል ቀላል ነው። አርእስቱ ጉዳዩን ይናገር። ቃሉ በሥዕል ሳይሆን በፊደል ይጻፍ። ማን እንደጻፈውና መቼ እንደታደሰ ይታወቅ። ገጹም ቶሎ ይከፈት፤ ጉግል መልካም ብሎ የሚቆጥረው የገጹ ዋነኛ ክፍል በ2.5 ሴኮንድ ውስጥ ሲታይ ነው። ይህ የመጨረሻው ለእኛ አገር ሰው ከደረጃም በላይ የገንዘብ ነገር ነው። የሞባይል ካርድ ሞልቶ የሚከፍት ገበሬ ወይም ተማሪ፣ በጥቂት መስመር ሊነበብ የሚችለውን ነገር በከባድ ፎቶግራፍ ሲቀበል ሒሳቡ ከኪሱ ይሄዳል።

ወደ አማርኛ ስንመጣ ነገሩ ይወሳሰባል። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው የዓለም የኮምፒዩተር ፊደላት መዝገብ ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የአማርኛ ፊደል የሚሠሩ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ስልት ስለነበራቸው፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ ጽሑፉን ፎቶግራፍ አድርጎ ማውጣት ያን ጊዜ ብልኅነት ነበር። ምክንያቱ ከጠፋ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ልማዱ ግን ከምክንያቱ የበለጠ ዕድሜ አገኘ።

ሁለተኛው ችግር ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሃይ፤ ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን አንድ አድርጎ እንዲያይ ካልተማረ በቀር አራት ቃላት ናቸው። ዓመትና አመት፣ ሠራተኛና ሰራተኛም እንዲሁ። በዚህ ላይ አማርኛ ቃሉን ከፊትም ከኋላም እየጫነ ይሄዳል። «ቤት» የሚለውን የሚፈልግ ሰው «ከቤታችን»ንም «ለቤቶቹ»ንም ማግኘት ይገባዋል፤ መፈለጊያው ግን ይህን ሁልጊዜ አያሟላም። ከሞክሼዎቹ የትኛው ይቅር በሚለው ነገር ከቀለም ሊቃውንት ጋር ለመሟገት ዕድሜያችንም ዕውቀታችንም አይፈቅድልንም። የምንለው ይህን ብቻ ነው፤ አንድ መሥሪያ ቤት የመረጠውን አጻጻፍ ይዞ ይጽና። በአንዱ ገጽ «ሥራ»፣ በሌላው «ስራ» እያለ ራሱን ከራሱ አይደብቅ።

ከፊደሉ የሚብሰው ግን የቃሉ ምርጫ ነው። እኛ ጽሕፈት ቤት የገባን ሰዎች ቶሎ የምንለምደው የጽሕፈት ቤቱን ቋንቋ ነው። «የተሽከርካሪ ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ» ብለን እንጽፋለን፤ ባለመኪናው የሚፈልገው «ቦሎ» ነው። «የልደት ምስክር ወረቀት» እንላለን፤ እናቲቱ የምትፈልገው «የልደት ሰርተፍኬት» ነው። በዋሽንግተን ወይም በሪያድ ያለው ወገናችን በአገር ቤት ያለ ንብረቱን ወንድሙ እንዲያስተዳድርለት ሲያስብ «ውክልና» ብሎ ይጽፋል፤ አንዳንዱ ወጣት ያችኑ በላቲን ፊደል ይጽፋታል። መደበኛውን ስም እንጣል አንልም። ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም ከጎኑ አንድ ጊዜ ብናሰፍረው ግን ክብራችን አይጎድልም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ? በሰሚው ቋንቋ ካልተናገሩም ያው ነው።

አንዳንድ ወዳጆቻችን፣ «ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል? ሕዝቡ ያለው ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው፤ እዚያ ማውጣት ይበቃል» ይሉናል። እውነት አላቸው፤ ለዛሬው ዜና ይበቃል። ነገር ግን በእነዚህ ላይ የወጣ ነገር እንደ ወራጅ ውሃ ነው። ሰኞ የተለጠፈው ሐሙስ ከሌላ መቶ ነገር በታች ይሰጥማል። ደንብና መመሪያ ደግሞ የሚፈለገው በወጣበት ቀን ሳይሆን ችግሩ በደረሰበት ቀን ነው፤ ያም ቀን ለአንዱ ነገ፣ ለሌላው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «እንግዲያው የአንድ ባዕድ ኩባንያ መዝገብ እንዲህ ይግዛን?» ብሎ ቢጠይቅ አንፈርድበትም። ጥያቄው በአሜሪካም ተነሥቷል። በኦገስት 2024 በዋሽንግተን የፌዴራል ዳኛ የሆኑት አሚት ሜታ ጉግል በፍለጋው ንግድ ብቸኝነቱን በሕገ ወጥ መንገድ ጠብቋል ብለው ፈረዱ። በስልኮችና በኮምፒዩተሮች ላይ ቀዳሚ መፈለጊያ ሆኖ እንዲቀመጥ በ2021 ብቻ ከ26 ቢሊዮን ዶላር በላይ መክፈሉ በችሎቱ ተገልጧል። በሴፕቴምበር 2025 በተሰጠው ውሳኔ ክሮም የተባለውን ማሰሻውን እንዲሸጥ አልተገደደም፤ ነገር ግን ብቸኝነትን የሚያስገኙ ውሎች ተከለከሉበት፤ ከያዘው መረጃ ከፊሉን ለተወዳዳሪዎች እንዲያካፍልም ታዘዘ። ፍርዱ ለእኛ የሚያመጣው ለውጥ ቶሎ የሚታይ አይመስለንም። ማንም መፈለጊያ ቢነግሥ ያልተጻፈውን ሊያነብ አይችልምና።

ይህ ነገር አሁን የሚያስቸኩል የሆነውም በሌላ ምክንያት ነው። ከሜይ 2024 ጀምሮ ጉግል በመጀመሪያ በአሜሪካ፣ ከዚያም በብዙ አገሮች፣ ከረድፉ በላይ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ ማኖር ይዟል። ጠያቂው መልሱን አንብቦ ይሄዳል፤ ወደ ምንጩ የሚወርደው ጥቂቱ ነው። መልሱ የሚቀመመው በፊደል ተጽፎ ከተገኘው ነገር ነው። ስለ አንድ ያገራችን ደንብ ሲጠየቅ የመሥሪያ ቤቱ ቃል በፎቶግራፍ ውስጥ ተቆልፎ ከሆነ፣ መሣሪያው ከጉዳይ አስፈጻሚው ማስታወቂያና ከተሻረው ደንብ ቀምሞ በልበ ሙሉነት ይናገራል። ቀድሞ የማይገኝ ጽሑፍ ጉዳቱ ዝምታ ነበር፤ ዛሬ በቦታው ሌላ ይናገርበታል።

ወዳጃችን ይህን ሁሉ ሰምቶ ሲያበቃ ማስታወቂያውን በፊደል ጽፎ፣ አርእስቱን ባለጉዳዩ በሚጠራበት ስም አድርጎ፣ የወጣበትን ቀን ከላይ አስፍሮ ለአለቃው አቀረበ። አለቃው አነበቡና፣ «መልካም ነው፤ ማኅተሙ የታለ?» ብለው ጠየቁት። ማኅተም የሌለው ነገር እንዴት የመሥሪያ ቤት ቃል ይሆናል? ሰውየው ክፉ ሆነው አይደለም፤ ሠላሳ ዓመት ያገለገሉበት ሥርዓት ነው። በመጨረሻ ተስማሙ፤ ጽሑፉ ከላይ፣ ማኅተም ያለበት ፎቶግራፍ ከታች ይሁን ተባለ።

ባለፈው ሐሙስ ያንኑ ጥያቄ ደግመን ጻፍነው። የመሥሪያ ቤቱ ገጽ በመጀመሪያው ገጽ ላይ አራተኛ ሆኖ ተገኘ። ጉዳይ አስፈጻሚው ግን አሁንም ከላዩ አለ።