ሕጉ ሞተ፣ ጽሑፉ ግን ይሸጣል

አሜሪካ ውስጥ ተራ ሰው ከሱቅ በሕጋዊ መንገድ የገዛው ጠመንጃ ላይ «ለሕግ አስከባሪና ለመንግሥት አገልግሎት ብቻ የተገደበ» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ ሊገኝ ይችላል። ጠመንጃው አልተሰረቀም፣ ሻጩም ሕግ አልጣሰም። የሚዋሸው ጽሑፉ ነው። «ፊደል አይተኩስ፣ አንተን ምን አገባህ?» የሚለኝ አይጠፋም። መንግሥት ቃሉን ብረት ላይ አስቀርጾ ትቶት ሲሄድ ቃሉን ነጋዴ ያነሳዋል፤ የሚያገባኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስለ ብረቱ። ኤአር-15ን ፈታታችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትደረድሩት፣ በርሜሉም ሰደፉም ለፌዴራሉ ሕግ መለዋወጫ ናቸው። «ጠመንጃ» ተብሎ የሚቆጠረው ምላጩን የያዘው የታችኛው አካል፣ ሪሲቨር የሚሉት፣ ብቻ ነው። እንደ መኪና ሻንሲ አስቡት። መለያ ቁጥሩም የሚቀረጸው እዚያ ላይ ነው፤ ጥልቀቱ ከ0.003 ኢንች ማነስ የለበትም፣ ፍቆ ማጥፋት ደግሞ እስከ 5 ዓመት ያሳስራል።

ያ ሌላኛው ጽሑፍ ከየት መጣ? ፕሬዝዳንት ክሊንተን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 13 ቀን 1994 የፈረሙት ሕግ አንዳንድ ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃዎችና ከ10 በላይ ጥይት የሚይዙ ካዝናዎች አዲስ ተመርተው ለሕዝብ እንዳይሸጡ ከለከለ። ለፖሊስና ለመንግሥት የሚመረቱት ግን ቀጠሉ። እነሱን ለመለየት ደንብ ወጣና ጽሑፉ ይቀረጽ ተባለ።

ልዩነቱን ስሙልኝ። ካዝናው የሚነቀል ጠመንጃ ከተዘረዘሩት ነገሮች ሁለቱን ካሟላ ተከለከለ፦ የሽጉጥ ዓይነት መያዣ፣ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ የሳንጃ ማሰሪያ፣ የእሳት ብልጭታ መደበቂያ እና የመሳሰሉት። መያዣውን ብቻ አስቀርተህ ሌላውን ካወለቅክ ለሕዝብ ይሸጣል። ጥይቱ ያው፣ የውስጥ አሠራሩ ያው! «የፖሊስ» እና «የሕዝብ» የሚባለውን የለየው የሳንጃ ማሰሪያ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ሕጉ የ10 ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ ሴፕቴምበር 13 ቀን 2004 አበቃ። የጦር መሣሪያ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤትም የክልል ሕግ እስካልከለከለ ድረስ ጽሑፉ ያለባቸው ለሲቪል ሊተላለፉ እንደሚችሉ አሳወቀ። በቃ፣ ጽሑፉ ያን ቀን ሞተ።

ሞተ፣ ግን አልተቀበረም። ኮልት ኩባንያ ከእገዳው በኋላም «ገደብ አለበት» የሚል ጽሑፍ ያለባቸው ሪሲቨሮች ሲቪል ገበያ ላይ ደርሰዋል። ታዋቂው ሞዴሉ ኤልኢ6920 ነው፤ «ኤልኢ» እኮ «ሕግ አስከባሪ» ማለት ነው፣ በሲቪል ሱቆች ሲሸጥ የኖረ ጠመንጃ! «ማሽን መቀየር ወጪ አለው» የሚለውን ክርክር አልቀበልም። በእያንዳንዱ ብረት ላይ የተለየ ቁጥር መጻፍ የሚችል ፋብሪካ አንድ መስመር መተው አያቅተውም። ያልተወው ስለሚጠቅመው ነበር፤ «ፖሊስ የሚይዘው» የሚል ስም ገዢ ይስባል። ትናንት ክልከላ የነበረው ዛሬ ማስታወቂያ ሆነ።

እኔ ሶፍትዌር ጸሐፊ ነኝ። የድረ ገጽ ሰርተፊኬት የሚያበቃበትን ቀን ራሱ ላይ ይዞ ይወለዳል፤ ቀኑ ሲያልፍ ብራውዘራችሁ ያስጠነቅቃችኋል። የ1994ቱ ሕግም ማብቂያውን ገና ሲወለድ ያውቅ ነበር። የምርት ቀን በመለያ ቁጥሩ እንዲታወቅ አዘዘ። ትእዛዙ የሚያበቃበትን ቀን ግን ማንም አላስቀረጸም። በዚህ ምክንያት አንድ ብረት ላይ ሁለት ጽሑፍ ጎን ለጎን ተቀምጧል፦ አንዱን ብትፍቀው ትታሰራለህ፣ ሌላው ምንም ኃይል የለውም። በዓይን አይቶ የሚለያቸው ማነው?

ይሄ የአንባቢ ጨዋታ አይደለም። ዳላስ ወይም ሚኒሶታ ያለ ዘመዳችሁን፣ ጠመንጃውን በሕጋዊ መንገድ የገዛውን፣ ማታ መንገድ ላይ ፖሊስ አስቆመው እንበል። መኪናው ውስጥ ያለው ብረት «የመንግሥት ነው» ይላል። የ2004ቱን ታሪክ የማያውቅ ወጣት ፖሊስ ምን ብሎ ያስባል? ጥቁር፣ አነጋገሩ የውጭ አገር ሰው የሚመስል ሰው «ሕጉ እኮ አብቅቷል» ብሎ እስኪያስረዳ ማን ይታገሠዋል? ቀድሞ የሚናገረው ብረቱ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ጊዜያዊ ሕግ ቃል ካስቀረጸ ማብቂያውንም አብሮ ያስቀርጽ። አምራቹ ለሁሉም በሚሸጠው ዕቃ ላይ «ለፖሊስ ብቻ» የሚል ካለ፣ ገዢውን እንዳሳሳተ ይቆጠርበት። ገዢዎችም ተዉ፣ ያ መስመር ማዕረግ አይደለም። ከ2004 ጀምሮ ማንንም የማያዝ ትእዛዝ ነው፤ እናንተ ግን እንደ ጌጥ ትከፍሉበታላችሁ።