ድረ ገጹስ አለ፤ ፈላጊው ያገኘዋል ወይ?

በዛሬው ጊዜ ድረ ገጽ የሌለው መሥሪያ ቤት በር የሌለው ቤት መስሎ ይታያል። ስለዚህም በጀት ተይዞ፣ ጨረታ ወጥቶ፣ ሪባን ተቈርጦ ድረ ገጹ ይመረቃል። ከምረቃው ማግስት ግን ባለ ጉዳዩ አገኘው ወይስ አላገኘውም ብሎ የሚመረምር ሰው እምብዛም አናይም።

በቅርቡ ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደን ሳለ ይህንኑ ጥያቄ ለአንድ ወጣት ሹም አቅርበንላቸው ነበር። እሳቸውም በትሕትና ወንበር ስበው አስቀመጡንና የመሥሪያ ቤታቸውን ሙሉ ስም በጉግል ላይ ጽፈው፣ «ይኸው፣ አንደኛ ነን» አሉን። እውነትም አንደኛ ነበሩ። ዳሩ ግን ስሙን አሟልቶ የሚያውቅ ሰው ቤቱንም አያጣውም። «እስቲ አሁን ደግሞ በእኛ ስልክ፣ የጠፋ ሰርተፍኬት እንዴት ይወጣል ብለው ይጻፉ» ብለን ለመንናቸው። ጻፉ። ከሁሉ ቀድሞ ብቅ ያለው ቅጽ ሞልቶ ዋጋ የሚቀበል ደላላ ነበር፤ ከእሱ ቀጥሎ ዘመኑ ያለፈበት ማስታወቂያ መጣ። መሥሪያ ቤቱ በዚያ ገጽ ላይ አልነበረም። መመሪያው ግን በድረ ገጹ ላይ አለ፤ አርእስቱም «ስለ ጠፉ ሰነዶች ምትክ አሰጣጥ የወጣ መመሪያ» ይላል። እንዲህ ብሎ የሚፈልግ ባለ ጉዳይ ከወዴት ይመጣል?

ነገሩ ቀልድ እንዳይመስል። መመሪያውን ያላገኘው ተማሪ ወይ ለደላላው ይከፍላል፣ ወይ ከክፍለ ሀገር ተሳፍሮ መጥቶ «አንድ ፎቶግራፍ ጐድሎሃል» ተብሎ ይመለሳል።

እንግዲህ ምርመራው እንዴት ይደረግ? በገዛ ኮምፒዩተር ላይ መፈለግ ማስረጃ አይሆንም፤ ጉግል የሚሰጠው መልስ እንደ ፈላጊው ስፍራና ቋንቋ፣ አንዳንድ ጊዜም ቀድሞ እንደ ፈለገው ነገር ይለያያልና። ይልቁንስ ጉግል ለድረ ገጽ ባለቤቶች ያለ ዋጋ የሚሰጠውን ሰርች ኮንሶል የተባለውን መዝገብ መክፈት ይሻላል። ይህ መዝገብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር እስከ 2015 ድረስ ዌብማስተር ቱልስ ይባል ነበር። በእሱ ውስጥ ገጹ ስንት ጊዜ ለፈላጊዎች እንደ ታየ፣ ስንት ጊዜ እንደ ተከፈተ፣ በአማካይ በስንተኛው ተራ እንደ ቆመ፣ ከሁሉም በላይ ሰዎቹ በምን ቃል ሲፈልጉ እንደ ነበር የ16 ወር ታሪክ ይገኛል። ጥቂት ሰዎች ብቻ የጻፏቸው ቃላት ግን የፈላጊውን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል አይዘረዘሩም።

አማካዩ ቍጥር እንዳያታልል መጠንቀቅ ነው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ያለባቸው ፍለጋዎች ተቀንሰው የሚቀረውን ማየት ያስፈልጋል፤ እውነተኛው መስታወት እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ታይቶ ጥቂት ጊዜ ብቻ የተከፈተ ገጽ የተገኘ እንደ ሆነ አርእስቱን መመልከት ነው። እኛ እንደ ታዘብነው ብዙውን ጊዜ «ማስታወቂያ» ብቻ ይላል። የምን ማስታወቂያ?

ከዚህ የሚብሰው ጨርሶ በፍለጋ ሞተሩ መዝገብ ያልገባው ገጽ ነው። ድረ ገጹ ገና በሚሠራበት ጊዜ የፍለጋ ሞተር እንዳይገባበት የተጻፈው ክልከላ ከምረቃው በኋላ ተረስቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። ወይም ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፎቶግራፍ ተነሥቶ ይለጠፋል፤ የፍለጋ ሞተሩ በሥዕል ውስጥ ያለውን ፊደላችንን አንብቦ ይረዳዋል ብሎ መተማመን ግን አይቻልም። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዐት የገባው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የኮምፒዩተር ፊደሎች የተጻፈ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ሆኖ ሳለ ለኮምፒዩተሩ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ነው።

በአማርኛችንም ላይ የራሱ ጣጣ አለ። አንዱ «ሥራ» ብሎ ሲጽፍ ሌላው «ስራ» ይላል፤ አንዱ «ፈቃድ» ሲል ሌላው «ፍቃድ» ይላል፤ አንዳንዱ ወጣት ደግሞ አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። (ፊደሉ ይቀነስ፣ አይቀነስ የሚለው ክርክር ለሊቃውንቱ ይቈየን።) ስለዚህ መርማሪው አጻጻፉን እየለዋወጠ መሞከር አለበት፤ የሚሞክረውም በስልክ ቢሆን ይመረጣል፤ ጉግል ራሱ ገጾችን የሚመዘግበው በስልክ ላይ በሚታዩበት መልክ ነውና።

«በአንድ ወር አንደኛ አደርጋችኋለሁ» የሚል ነጋዴ የመጣ እንደ ሆነ፣ ጉግል ራሱ አንደኛነትን ማንም ዋስ ሆኖ ሊያረጋግጥ አይችልም ብሎ ማስታወቁን መንገር ይበቃል።

ወጣቱ ሹም እስከ በር ሸኙን። እዚያ የቆመውን ዘበኛ ባለ ጉዳዮች ሲመጡ ምን ብለው እንደሚጠይቁት ጠየቅነው። እሱም ብዙ ሳያስብ አምስት ስድስቱን ጥያቄ እንደ ወረደ ነገረን። ሹሙ ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው ይጽፉ ጀመር፤ «ምትክ አሰጣጥ» ያለ ግን ከመካከላቸው አንድም አልነበረም።