ሰውነት ሲቀንስ ስለ ድምፅ

ድምፅ የሚወጣው ከጕሮሮ ቢሆንም ተሸክሞ የሚያደርሰው ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሽንም የሚገዙት የጐንና የሆድ ጡንቻዎች ናቸው። ስለዚህ ውፍረቱን በቀዶ ሕክምና ያስቀነሰ ዘፋኝ ጕሮሮው ባይነካም አተነፋፈሱን እንደገና መማር ያስፈልገዋል።

ዲቦራ ቮይት የምትባለው ስመ ጥር የአሜሪካ የኦፔራ ዘፋኝ፥ በፈረንጆች አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. በሎንዶን በኮቨንት ጋርደን ቴአትር «አርያድኔ በናክሶስ» በተባለው ኦፔራ ልትጫወት ተዋውላ ሳለች፥ ለጨዋታው የታሰበው ጥቍር ቀሚስ ለሰውነቷ አይስማማም ተብሎ ቀረች። በዚያው ዓመት ጨጓራዋን የሚያሳንስ ቀዶ ሕክምና ተደረገላትና ከ45 ኪሎ በላይ ቀነሰች። በ2008 ዓ.ም. ወደዚያው ቴአትር ተመልሳ ያንኑ ኦፔራ ተጫወተች።

ነገር ግን መመለሷ ያለ ድካም አልሆነም። እርሷ እንደ ተናገረችው፥ ወፍራም በነበረች ጊዜ ትንፋሿ በክብደቷ ተደግፎ በራሱ ይቆም ነበር፤ ከቀነሰች በኋላ ግን ጡንቻዎቿን እያሰበች ማዘዝ አስፈለጋት። ከሰሚዎቿም ድምጿ የቀድሞ ሙቀቱ ጐደለ ያሉ ነበሩ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ሕክምና የተደረገለት ዘመድ ያላችሁ ሁሉ፥ ቍስሉ ሳይድን ሐኪሙም ሳይፈቅድ «እስቲ አንድ ጊዜ አሰማን» እያላችሁ አታስቸግሩት። በተፈቀደለትም ጊዜ አስቀድሞ ረጋ ብሎ መተንፈስን፥ ቀጥሎ በዝግታ ማንጐራጐርን፥ በመጨረሻም ከፍ ያለውን ዜማ ይለማመድ። ምግቡ ጥቂት ስለ ሆነ የታዘዘለትን ቪታሚን አያቋርጥ። የሰፋ ቀሚስ በአንድ ቀን ይጠብባል፤ ትንፋሽ ግን የሚስተካከለው በልምምድና በትዕግሥት ነው።