«በፈቃድ» የሚለው ቃል

በልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለበርካታ ዓመታት በአገራችን የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ስፍራ ሆኖ ቆይቷል። ብዙ ሕሙማን እዚያ የሚደርሱት በሽታው ከተሰራጨ በኋላ ነው። በመሆኑም የማይድን ሕመምተኛ በሐኪም ርዳታ ሕይወቱን ያብቃ ወይስ አያብቃ የሚለው ክርክር ለእኛም ሩቅ አይደለም።

የሕጋችን አቋም ግልጽ ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ራሱን የሚገድልን ሰው መርዳት ያስቀጣል። በስሎቬንያ ግን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ድምፅ ከሰጡት 55 ከመቶ ያህሉ ሐሳቡን ደግፈው ሳለ፣ በኅዳር 2025 ምክር ቤቱ ያጸደቀው ሕግ ሲቀርብላቸው 53 ከመቶ ያህሉ ተቃወሙት።

በአገራችን ሕዝቡ ቢጠየቅስ? የሃይማኖቱ መልስ አስቀድሞ የታወቀ ነውና እንለፈው። እኛ የምንቆመው «በፈቃድ» የሚለው ቃል ላይ ነው። በብዙ ቤተሰብ ክፉ ሕመም ለታማሚው አይነገርም፤ ሐኪሙ ለልጅ ወይም ለወንድም ሹክ ይላል፣ ታማሚው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ይሸኛል። የበሽታውን ስም ያልሰማ ሰው ፈቃዱን ከየት ያመጣል? ሥቃዩስ ካልታገሠለት? በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ቤት ውስጥ ሊሰጥ ይችላል፤ በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ላይ ሠርቶ ሥቃዩን ያስታግሳል። ሱስ ያስይዛል በሚል ፍርሃት ግን ብዙዎች ሳያገኙት ያልፋሉ። እንዲህ ያለ ሰው «ሞቴን» ቢል፣ የለመነው ሞትን ይሁን ዕረፍትን ማን ይለይለታል?

በዚህ ጉዳይ መጠይቅ ይዘው የሚወጡ ተማሪዎች ሁለት ጥያቄ እንዲያስቀድሙ እንሻለን፦ ሕመምዎ ምን እንደሆነ እንዲነገርዎ ይፈልጋሉ? ማስታገሻውስ በአቅራቢያዎ ይገኛል?