ውሃውን የሚበክለው ያልተማረ እጅ ነው ወይስ የሚዋሽ ብዕር?

“ሳይንስ ያልተማረ ሰው ውሃ ማጣሪያ ላቦራቶሪ ውስጥ ምን ይሠራል?” የሚሉ ባለዲግሪዎች አሉ። እስቲ ሥራውን እንየው። ለክሎሪን ምርመራ 10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይቀዳል፣ ኪኒን ይጨመርበታል፣ ውሃው ሮዝ ሲሆን የቀለሙ ድምቀት ይለካል። ለባክቴሪያ 100 ሚሊ ሊትር ይጣራል፣ በ44 ዲግሪ ሙቀት አንድ ቀን ያድራል፣ በማግስቱ ይቆጠራል። ይሄንን የታሪክም ሆነ የሂሳብ አያያዝ ዲፕሎማ የያዘ ጠንቃቃ ሰው በደንብ ካሠለጠኑት ይሠራዋል!

ታዲያ አደጋው የቱ ጋ ነው? ካናዳ ውስጥ ዎከርተን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ከባድ ዝናብ የከብት ፍግ አጥቦ የመጠጥ ውሃ ጉድጓድ ውስጥ ከተተ። 7 ሰዎች ሞቱ፣ 2,300 ያህል ታመሙ። የከተማዋን ውሃ የሚመሩት ሁለት ወንድማማቾች የሙያ ፈቃድ ያገኙት ያለ ፈተና፣ በልምድ ብቻ ነበር። አለመሠልጠናቸው ጎድቷል፤ አይካድም። ግን ክሎሪኑን ሳይለኩ መዝገቡ ላይ “0.5”፣ “0.75” እያሉ ይሞሉ የነበሩት አለማወቅ አስገድዷቸው ነው? ለመዋሸት ትምህርት አያስፈልግም፤ ላለመዋሸትም እንደዚያው!

ወይ ጉድ የሚያሰኘው ደግሞ ላቦራቶሪው እውነቱን መናገሩ ነው። ውሃው መበከሉን የሚገልጸው ወረቀት ለኃላፊው ደረሰው፤ እሱ ግን ከጤና ባለሥልጣናት ደበቀው። መንግሥትስ? በ1996 የከተሞችን ውሃ ከመመርመር እጁን አውጥቶ ሥራውን ለግል ላቦራቶሪዎች ሲተው፣ መጥፎ ውጤት ለጤና ቢሮ እንዲነግሩ አላስገደዳቸውም። በ2002 የወጣው በዳኛ ዴኒስ ኦኮነር የተመራው የምርመራ ሪፖርት ወንድማማቾቹንም መንግሥትንም ወቅሷል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የለገዳዲንና የገፈርሳን ውሃ የሚጠጣው የአዲስ አበባ ሕዝብ ሊጠይቅ የሚገባው “መርማሪው ምን ተማረ?” ብቻ አይደለም። ሠልጥኗል? ተፈትኗል? መጥፎ ቁጥር ሲያገኝ አለቃው “አስተካክለው” ቢለው እምቢ ብሎ እንጀራው ሳይነካ ያድራል? ውጤቱስ ለምን በየሳምንቱ በየወረዳው አይለጠፍም፣ በሬዲዮ አይነበብም? ከፋዩም ጠጪውም ሕዝብ አይደለም እንዴ?

ሠራተኛው ያለ ፍርሃት ይጻፍ፤ ሕዝብም የተጻፈውን ይይ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የተበከለ ውሃ ግን ጠርቶም ይገድላል!