ዕቅዱን ማን ያውጣው?

ቻትጂፒቲ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኅዳር ወር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ ማውጣት የደቂቃ ሥራ ሆኗል። ጥሩ ነው፤ ድካም ይቀንሳል። ይሁን እንጂ መሣሪያው የሚጽፈው ካነበበው ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን ቃል እየገመተ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ያነበበው አማርኛ ደግሞ ከእንግሊዝኛው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ስለዚህ ሲሳሳት እንኳ አሳምሮ ይሳሳታል።

ታዲያ እንተወው? የለም! ረቂቁን ያውጣ፤ እርማቱ ግን የእኛ ነው። በጣና ዳር ትምህርት ቤቶች ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ፣ ስለ መንሳፈፍ የምንሰጠው ምሳሌ ልጆቹ አይተውት የማያውቁት መርከብ ለምን ይሆናል? አየር ያዘለው የደንገል ታንኳ ደጃቸው ላይ አለ አይደል እንዴ! ስለ አረም ከተነሣም እምቦጭ ሩቅ አይደለም። ከኋላ ወንበር ዝም ብሎ የተቀመጠው ልጅ ትምህርቱ ገብቶት እንደሆነ ፊቱን አይቶ የሚረዳውም መምህሩ ነው።

ስለሆነም ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ በመሣሪያው የተዘጋጀ ዕቅድ ሳይታረም ክፍል አይግባ። ሁለተኛ፣ መምህሮቻችን ዕቅዱን ተቀብለው ብቻ አይፈርሙልን፤ «ይህን ምሳሌ ለምን መረጣችሁ?» ብለው ይጠይቁን። መልስ ካጣን ዕቅዱን አላወጣነውምና!