ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ይታወቃል

ደምበል አካባቢ ያለ ቢሮ ቁጭ ብዬ ኮድ እጽፋለሁ። ምሳ ምን እንደሚያምረኝ ስድስት ሰዓት እስኪሞላ አላውቅም፤ ስልኬን ነካ ነካ አደርጋለሁ፣ ሞተረኛው በግማሽ ሰዓት ከች ይላል። ለእንደኔ ዓይነቱ አመለኛ ሆድ ይሄ ሁሉ ቴክኖሎጂ ተሠርቷል።

እዚሁ ቂርቆስ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩት ልጆች ግን ቁጥራቸው መዝገብ ላይ አለ። የትምህርት ቀኑ፣ የጾሙ ወቅት፣ የሳምንቱ ሜኑ፣ ሁሉም አስቀድሞ ይታወቃል። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ የሚተነበይ ፍላጎት ማግኘት ሎተሪ እንደመውጣት ነው። መቂና ባቱ ያለው ገበሬ ደግሞ ቲማቲሙን የሚተክለው በቁማር ነው፤ ሲወደድ ደላላው ይበላል፣ ሲረክስ ማሳው ላይ ይበሰብሳል።

ምገባውን ላጣጥል አይደለም። እኔ ስማር በምሳ ሰዓት ከቧንቧ ውሃ ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ «በላሁ» የሚል ልጅ አጠገቤ ይቀመጥ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ከተማው ቁርስና ምሳ ያበላል፤ ተመጋቢዎቹ ከ700 ሺህ በላይ ሆነዋል። ከዚህ የሚበልጥ የሽንኩርት ገዢ እስቲ ጥሩልኝ። ይሄ የመግዛት ጉልበት ገበሬው ማሳ ድረስ መድረስ አለበት ነው የምለው።

አዲስ አበባ በ2022 እ.ኤ.አ. ለዚሁ ምገባ የሚላን የከተሞች የምግብ ስምምነት ሽልማትን ሪዮ ዴ ጄኔሮ ላይ ተቀብላለች። ሪዮ ድረስ ከተሄደ አይቀር ሽልማቱን ብቻ ሳይሆን ሕጉንም ይዞ መምጣት ነበር። ብራዚል በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ ከፌዴራሉ የትምህርት ቤት ምገባ ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው በቀጥታ ከቤተሰብ ገበሬዎች እንዲገዛበት አስገደደች። «ይበረታታል» አላለችም፤ ቁጥር ጻፈች።

«ገበሬው በሰዓቱ አያደርስም» ይሉኛል። ውል የሌለው ሰው ለማን ብሎ ያድርስ? «ቅርብ ካላችሁማ አቃቂ አለ» የሚሉም አሉ። እዚህ ላይ እኔም ፍሬን እይዛለሁ። በአቃቂ ወንዝ ውሃ በሚለማ አትክልት ላይ ከባድ ብረቶች እንደተገኙ ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። ስለዚህ ውሉ ኪሎ ሜትሩን ብቻ ሳይሆን ውሃው ከየት እንደመጣም ይጠይቅ።

አፕ ይሠራ እያልኩ አይደለም (አፕ የሚሸጥ ጓደኛ ሞልቶኛል)። የተማሪ ምዝገባው እንዳለቀ፣ የመስኖው ችግኝ ሳይፈላ፣ ከተማው በየወሩ ስንት ኩንታል ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ካሮት፣ ከየትኛው ዩኒየን፣ በምን ዋጋ እንደሚገዛ ያውጣ። ለዚህ አንድ የኤክሴል ገጽ ይበቃል። ካስፈለገ እሁድ መጥቼ በነፃ እሠራዋለሁ።